የቀኝ አውሬ፣ የግራ አውሬ

አዲሱን ጌም እንደማልጫወተው አውቃለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና እንገላገል፤ ሰው ሁሉ የሚያነሳብኝ እሱን ነውና። የሚጫወቱበትን መሣሪያ ላሊበላ ውስጥ ሲሸጥ አላየሁም፣ ቢሸጥም አልገዛውም። የእኔ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ የቆዩትን ክፍሎች ብቻ የሚችል አሮጌ ስልክ ነው። ታዲያ ምን ይጠበስ? ስለ ኳስ ቀኑን ሙሉ የሚከራከር ሰው ሁሉ ሜዳ ገብቶ ያውቃል?

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። በየጫካውና በየዋሻው እየዞርክ አውሬ ትይዛለህ፣ ታሳድጋለህ፣ ከሌላ ሰው አውሬ ጋር ታፋልማለህ። እሳት የሚተፋ አለ፣ ውኃ የሚረጭ አለ፣ ድንጋይ የሆነም አለ። ፍልሚያው በተራ ነው፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልሳል። የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉት ሰዎች አንድም ቀን ተጫውተውት አያውቁም። ውስጡ ስሌት ነው። ማን ይቀድማል፣ ማን ይችላል፣ ማንን መቼ ታስወጣለህ።

እኔ የለመድኩት መብራትም ኔትዎርክም ባልነበረበት ጊዜ ነው። የአክስቴ ልጅ ትታልኝ በሄደችው ስልክ ውስጥ ነበር፤ ስልኩን በሶላር እየሞላሁ ሌላ ምንም የሚሠራ ነገር ስላልነበረ እሱን ሠራሁ። ኔትዎርኩ ሲመለስ ስለ ጌሙ በአማርኛ የሚያወሩበት ግሩፕ አገኘሁ። አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። እዚያ ረጅም ጽሑፍ መለጠፍ የሚፈቀድላቸው አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ከሥር አስተያየት ይሰጣል። አንድ ዓመት ሙሉ ከሥር ስሰጥ ከረምኩና አራተኛዋ እኔ ሆንኩ። ሌሎቹ ሦስቱ ወንዶች ናቸው፣ አንዱ ራሱ አድሚኑ ነው።

ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ ሰው ነኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቆሜ የሰው መታወቂያ ፊትና ጀርባውን ስገለብጥ እውላለሁ። ቀኑን ሙሉ «ቶሎ በይ» እንጂ «ምን ታስቢያለሽ?» ያለኝ ሰው የለም። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ግን የማላውቀው ሰው ቁጭ ብሎ የማስበውን ያነብ ነበር። ፈልጌ፣ ለፍቼ፣ በራሴ ያገኘሁት አንድ ነገር ያ የመጻፍ ፈቃድ ነበር።

ታዲያ የአዲሱ ክፍል ማስታወቂያ ወጣ። አርባ ሰከንድ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ቋጥኝ የሚያክል የድንጋይ አውሬና አንዲት ትንሽ ወፍ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ከላይ የብርሃን ቀለበት ወርዶ ሁለቱንም አንገታቸው ላይ ይይዛቸዋል፣ ከዚያ አንድ ላይ ይሮጣሉ። አለቀ። ምን እንደሆነ የሠሩት ሰዎች አልተናገሩም። ግሩፑ ታመሰ። አድሚኑ በዚያው ቀን ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ውህደት ነው አለ፤ ሁለቱ አውሬዎች አንድ ይሆናሉ፣ ጉልበታቸው ይደመራል፣ ፍጥነታቸው የፈጣኑ ይሆናል። በቪዲዮው ምስል ላይ ቀይ ቀይ ቀስት ስሎበት ብዙ ሰው ወደሚከታተለው ሌላ ገጽም ላከው።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ቪዲዮውን አዘግይቼ፣ ምስል በምስል እየቆረጥኩ፣ በአንዱ ኮፒና በሌላው ኮፒ መካከል አራት ቀን አየሁት። ወፏ ስትነሳ ትቀድማለች። ከዚያ አንገቷ ወደ ኋላ ይሳባል። አንድ ምስል ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ለሚቸኩል ሰው አይታይም። እኔ ግን ያንን መሳብ አውቀዋለሁ።

አባቴ አንድ በሬ ነው ያላቸው። ጎረቤታችንም አንድ በሬ ነው ያላቸው። ስለዚህ ይቀናጃሉ፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ይገባሉ፣ አንድ ቀን የእኛ ማሳ ይታረሳል፣ አንድ ቀን የእሳቸው። እንዲህ በሬ የሚያገናኘው ሰው መቀናጆ ይባላል። የእኛ በሬ ወጣት ነው፣ የእሳቸው ደግሞ ያረጀ። የእኛው ሲጣደፍ ቀንበሩ ይጣመማል፣ አንገቱ ይያዛል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልክ እንደ ወፏ። ቀንበር ውስጥ ሁለት በሬ አንድ አይሆንም። ሁለት እንደሆነ ይቀራል፣ ፍጥነቱም የቀርፋፋው ነው።

ይህንኑ ጻፍኩና ለጠፍኩት። ውህደት አይደለም፣ መጠመድ ነው አልኩ። ወዲያው ከሥር ወረዱብኝ።

«ገበሬዋ መጣች።»

«ወፏ ጤፍ ልትዘራ ነው?»

«እህቴ፣ ይሄን ጌም የሠሩት ሰዎች እኮ በሬ አይተው አያውቁም።»

«አንተስ አውሬ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት የመጨረሻውን። ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም።

ሐሙስ ዕለት አድሚኑ ለብቻዬ ጻፈልኝ።

«ጽሑፉን አንሺው።»

«ለምን?»

«ሰው ግራ ገብቶታል። እኔ ውህደት እላለሁ፣ አንቺ ቀንበር ትያለሽ። ግሩፑ አንድ ነገር ነው መናገር ያለበት።»

«ጌሙ ገና አልወጣም እኮ። አንተም ትገምታለህ፣ እኔም እገምታለሁ።»

«የእኔ ማስረጃ አለው።»

«ያንተ ቀስት ነው ያለው።»

ቀጥሎ፣ «ለማትጫወቺው ጌም ምን አስጨነቀሽ? እስከ እሑድ ካላነሳሽው የመጻፍ ፈቃድሽን እወስዳለሁ» አለኝ።

ሰው ልብ ይበል፤ «ተሳስተሻል» አላለኝም። ተሳስተሻል ቢለኝ እከራከረው ነበር። እሱ ያለኝ «ዝም በይ» ነው። ዝም በይን ከተወለድኩ ጀምሮ ስለሰማሁት በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። የእኛ ቤት ከብልባላ ወርዶ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ልማከር ብዬ አልሄድኩም፤ እንደማላነሳው ከሐሙስ ጀምሮ አውቄያለሁ። ማስረጃ ፍለጋ ነው የሄድኩት።

አባቴና መቀናጇቸው የድንጋዩን ካብ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። በሬዎቹ ከታች ይግጣሉ። ጎረቤታችንን ሰው ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልወዳቸውም ነበር። የምናገረውን ሁሉ ያርማሉ። ስልኩን ከፍቼ በሁለቱ መካከል ተቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አያ ዓይናቸውን አጥብበው። «ቋጥኝ እግር አወጣ እንዴ?»

«አውሬ ነው አያ። የድንጋይ አውሬ።»

«ምን ይበላል?»

«ምንም አይበላም።»

«እንግዲያስ ለእኔም አንድ ፈልጊልኝ» አሉ። «የእኔው በሬ ጭድ ጨርሶ ቤቱን ሊበላው ነው።»

አባቴ አልሳቁም። ስልኩን ከእጄ ወስደው ፊታቸው ላይ አስጠጉት። «መልሺው» አሉ። መለስኩት። «አሁንም መልሺው።» አራት ጊዜ አዩት። ከዚያ በጣታቸው የተሰነጠቀውን መስታወት ነካ አድርገው፣ «ወፏን ያዛት» አሉ።

«አዩት አባባ?»

«አየሁ እንጂ። አንገቷን ያዛት። ምን ያለው ጅል ነው ደግሞ ወፍ ከቋጥኝ ጋር የሚጠምድ?»

«በሉ እንግዲህ በሬዎቹን ጥመዱልኝና በቪዲዮ ላንሳቸው። ለሰዎቹ አሳያቸዋለሁ።»

ሁለቱም እኩል ዞረው አዩኝ። «ቀዳሚት ሰንበት ነው አንቺ» አሉ አባቴ። «ከተማ ብትገቢ ቀኑ ጠፋብሽ?»

ጠፍቶብኝ ነበር። ኮፒ ቤት ቅዳሜም ይሠራል። እያፈርኩ ሳለሁ አያ ካቡን ተደግፈው ተነሡ። «ሰው መጥመድ እንደሆነ አልተከለከለም» አሉ። «ነይ፣ ተነሺ።»

እንዲህ ሆነ። የአባቴን ዱላ አንዱን ጫፍ በእኔ ትከሻ፣ ሌላውን በአያ ትከሻ አጋደምነው፤ እሳቸው በቀኝ፣ እኔ በግራ። አባቴ ከኋላ አንድ ቀጭን እንጨት አንሥተው ቆሙ። እኔ ባንድ እጄ ዱላውን፣ ባንድ እጄ ስልኩን ይዤ እግራችንን ብቻ ወደ ታች እቀርጻለሁ፤ የእኔ የተበሳ ስኒከርና የአያ በረባሶ። «ሂድ!» አሉ አባቴ። እኔ ተወረወርኩ። ዱላው ማጅራቴን ይዞ መለሰኝ። ለመቅደም ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ጊዜ ያዘኝ። አያ አንድም ጊዜ አልቸኮሉም።

«አረፍ በይ አንቺ ጥጃ» አሉ አባቴ ከኋላ፣ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ እየተሰማኝ። «ሲሉሽ እንጂ ሲያሰኝሽ አይደለም።»

ከዚያ ጎን ቀየርን። አያ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። አሁን ነገሩ ሌላ ሆነ። አያ ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ፊታቸው ተጨማደደ፣ አካሄዳቸው በግማሽ ቀነሰ፣ መንገዳችን እየተጣመመ ካቡ ላይ ሊያላትመን ምንም አልቀረው። ቪዲዮው ውስጥ ያ የድንጋይ አውሬ ሁልጊዜ በቀኝ ነው የሚቆመው። የእኛ በሬም የቀኝ በሬ ነው፤ በግራ ቢያስገቡት ሲሽከረከር ይውላል። ጎን አለው ማለት ነው። ጎኑን ካልጠበቅክለት አውሬው ይደክማል።

«ጎን አለው!» አልኩ።

«የምን ጎን?» አሉ አያ ቀኝ ትከሻቸውን እያሹ። «ትከሻዬ ነው እንጂ። ከወደቅሁ ወዲህ ቀኙ ምንም አያነሳም፤ ጎን ስንቀይር ዱላው እሱ ላይ አረፈ።»

«በሬ ግን ጎን አለው» አሉ አባቴ።

«በሬ ስላስለመድከው ነው። ይሄን ቋጥኝ ማን አስለመደው? ደግሞስ ምስሉን ያነሳው ሰውዬ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ቢያነሳው ቀኙ ግራ አይሆንም ነበር?»

ሰማኋቸው። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። እሳቸው እንደለመዱት እያረሙኝ ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ ከሰዓት በፊት፣ ጽሑፌን በማንሳት ፈንታ ጨመርኩበት። አንደኛ፣ የተጠመዱ አውሬዎች ፍጥነት የቀርፋፋው ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አውሬ ጎን አለው፣ ያለ ጎኑ ከገባ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከሥሩ የእግራችንን ቪዲዮ ለጠፍኩ። የአባቴ «ሂድ!» ይሰማል። ማሾፉ ባሰ። «በረባሶው ስንተኛ ደረጃ ደርሷል?» ያለኝ አለ። አንድ ሰው ግን፣ «አባትሽ ምርጥ አሠልጣኝ ናቸው» ብሎ ጻፈ። ጌሙ ውስጥ አውሬ የሚያፋልመው ሰው አሠልጣኝ ነው የሚባለው። ያንን አስተያየት ደጋግሜ አነበብኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምጽፍበት ሳጥን ጠፋ። አድሚኑ ቃሉን ጠበቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ስለ ሌላ ነገር እያሰብኩ እንዳሳለፍኩ ብናገር ውሸት ነው። እንደ ማንኛውም ሰው ከሥር አስተያየት መስጠት እችል ነበር፤ አልሰጠሁም። በየቀኑ ገብቼ አነብ ነበር። ግሩፑ በሙሉ ስለ ውህደት ይጽፋል። ማን ከማን ቢዋሃድ ምን እንደሚሆን ሥዕል የሳሉም ነበሩ፣ ወፍ ራስ ያለው ቋጥኝ። እኔ ደግሞ በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ባንድ ፊቱ የሰው መታወቂያ ጠምሞ የወጣ፣ በሌላው ፊቱ የእኔ ስሌት። የቤቱ ባለቤት፣ «ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ለምን አትጥይውም?» ትለኛለች። «ሥራ ነው» እላታለሁ። እውነቴን ነው።

ሁለተኛው ቪዲዮ የወጣው በሥራ ሰዓት ነው። ይኼኛው ረጅም ነው፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ተቀምጦ አንድ ሙሉ ፍልሚያ ያሳያል። አንድ ሽማግሌ የልደት ወረቀት ሊያስገለብጡ ቆመው ነበር። «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኳቸው። «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አሉኝ ፊቴን አይተው።

ቀለበቱ ወረደ። ወፏና ቋጥኙ አንድ አልሆኑም። ሁለት ሆነው ቆሙ። ከወፏ ራስ በላይ ያለው የፍጥነት ቁጥር እያየሁት ወረደ፣ ወረደ፣ የቋጥኙ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ሽማግሌው፣ «እሰይ፣ አልሞተም» አሉ።

ከዚያ ሰውዬው አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ወፏና ቋጥኙ ጎን ተለዋወጡ። ቁጥሩ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ምንም የለም። እንደገና ለዋወጣቸው። ምንም አልቀነሰም። ጎን የሚባል ነገር የለም። ትከሻ ነበር።

የሽማግሌውን ወረቀት ገልብጬ ስመለስ ግሩፑ እየተራቆተ ነው። የውህደት ጽሑፎች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ሥዕሎቹ ጠፉ። የአድሚኑ ባለ ቀስቱ ጽሑፍ ጠፋ፤ ማንም ውህደት ብሎ የማያውቅ መሰለ። የእኔው ግን ከነበረባሶው እዚያው አለ። ከእኔና ከአድሚኑ በስተቀር የሚያነሳው ሰው አልነበረማ፤ እሱ ፈቃዴን ሲወስድ ጽሑፌን ማጥፋት ረስቶታል፣ ወይም ሰው ይሳቅባት ብሎ ትቶታል። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እሱ ራሱ ጻፈልኝ።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ስለ ፍጥነቱ ልክ ነበርሽ። ፈቃድሽን መልሼልሻለሁ። ስለ ጎን ያልሽውንና የእግሩን ቪዲዮ አውጪውና ንጹሕ ይሁን። ከግሩፑ አናት ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ወደ ትልቁም ገጽ እልከዋለሁ።»

አልዋሽም፣ ፈለግሁት። አናት ላይ ተሰቅሎ፣ «ገበሬዋ» ያሉኝ ሁሉ ሲገቡ መጀመሪያ እሱን ሲያዩ። አውጥቼው ነበር ማለት ይቻላል፤ ጣቴ የሁለተኛው ነጥብ መጀመሪያ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ቪዲዮው በራሱ ተነሥቶ የአባቴ «ሂድ!» ተሰማኝ። ያንን ባወጣ የሚቀረው ምንድን ነው? ዝም ብላ ያወቀች ልጅ። እኔ ዝም ብዬ አላወቅሁም። ያወቅሁት በዚያ ዱላ ነው፣ የተሳሳትኩትም በዚያው ዱላ ነው።

«ያንተ ጽሑፍ የት ሄደ?» አልኩት።

«አጠፋሁታ። ስህተት ነበር።»

«እኔ አላጠፋም።»

«ስህተት እኮ ነው ያለው፣ አየሽው አይደል?»

«አየሁት። ከሥሩ እጽፍበታለሁ።»

«እንደዚያ ከሆነ አልሰቅለውም።»

«አትስቀለው።»

ሳጥኑ ተመልሷል። ጻፍኩበት፦ «ስለ ጎን ያልኩት ስህተት ነው። የጎረቤታችንን የታመመ ትከሻ የአውሬ ጠባይ አድርጌ ቆጥሬው ነው። እሳቸው በጊዜው ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማሁም። ጽሑፉን አላነሳውም።» ከዚያ ለአባቴ ደወልኩ። አያ አጠገባቸው ነበሩ፣ ስልኩን አቀበሏቸው።

«አያ፣ ስለ ትከሻዎ ልክ ነበሩ።»

«ስለ ትከሻዬ እኔ ልክ ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው?» አሉ። ቀጥለው ግን፣ «ወፏስ?» አሉኝ።

«ወፏን ያዛት። ልክ ነበርን።»

«አባትሽ ናቸው ያዩዋት» አሉ። እዚህም አረሙኝ። እሱንም ጨመርኩበት።

ያን ቀን ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት አዲስ ጽሑፍ ጀመርኩ፤ አንቀጽ በአንቀጽ እየለጠፍኩ። በሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ሰውዬው፣ ሁለት አሠልጣኞች አንድ አንድ አውሬ አምጥተው መጥመድ ይችላሉ ብሎ አልፏል፤ ከዚያ በላይ አላብራራም። የእኔ ጥያቄ ይኸው ነው። ፍልሚያው መሃል ላይ አንደኛው ሰው አውሬውን ፈትቶ ቢሄድ፣ የቀረው አውሬ ምን ይሆናል? እርሻ ሳይጋመስ መቀናጆው በሬውን የወሰደበትን ሰው አይቻለሁ። ስለዚህ ግምት አለኝ።

ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ የአድሚኑ መልእክት መጣ። «ስለዚህኛው እንኳ ምንም ማስረጃ የለሽም።»

«የለኝም» አልኩትና አራተኛውን አንቀጽ ጀመርኩ።